የተንጠለጠለችው «ሁ»

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ ስለ ካርድ አስተጣጠፍ ልነግራችሁ ቃል ገብቼ ነበር፤ እነግራችኋለሁ። ባለፈው ምንጣፍ ላይ የፈሰሰብኝ ሙጫ እንዴት ሆነ ለምትሉኝም፣ ደኅና ነው፤ ከዚያ ወዲህ ምንጣፍ አልነካም። ግን አንድ ነገር ሳልናገር ወደዚያ መሄድ አልቻልኩም።

መስከረም 1 ቀን ጠዋት በር ተንኳኳ። አንድ ልጅ ነው፤ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፤ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ሥዕሎቹን ደረቱ ላይ አቅፏል። «እትዬ፣ እንኳን አደረሰዎት» ብሎ አንዱን መዝዞ ሰጠኝ። አደይ አበባ፣ ከጎኗ ዓይንና አፍ ያላት ፀሐይ፣ ከላይ ደግሞ ጽሑፍ፦ «እንኳን አደረሳች»። «ሁ» ቦታ አጥታ ከ«ች» ሥር ተንጠልጥላለች።

50 ብሩ በእጄ ነበር። «እንኳን አብሮ አደረሰን» ብዬ መስጠት ብቻ ነው የቀረኝ። እኔ ግን ምን አልኩ? «ጎበዝ! ግን በሚቀጥለው ፊደሎቹን ቁጠርና ከመሐል ጀምር።» ጎንበስ ብዬ በጣቴ ጭምር አሳየሁት። «እንኳን» አራት፣ ክፍተቱ አንድ፣ «አደረሳችሁ» ስድስት፤ በድምሩ 11። ስድስተኛዋ «አ» ናት። እሷን መሐል ላይ አስቀምጠህ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትሄዳለህ።

ምክሩ ትክክል ነው፣ ተጠቀሙበት። ፊደሎቻችን እኩል ስፋት ስለሌላቸው፣ «ጨ»ን ከ«ር» ጋር አስተያዩ፣ መጀመሪያ በቁራጭ ወረቀት ላይ ሞክሩት። ትክክል መሆኑ ነው የሚያበሳጨኝ።

ልጁ ሥዕሉን አየ። እኔን አየ። ከዚያ በሁለት ጣቱ ከእጄ ሳብ አድርጎ ወሰደው። «ለእርስዎ ሌላ አመጣለሁ» አለኝ። ብሩን ሳልሰጠው ደረጃውን ወረደ።

አኩርፎ ነው? ድምፁ ያኮረፈ ልጅ ድምፅ አልነበረም። ልኩ የተሳሳተ ልብስ እንደሚመልስ ልብስ ሰፊ ነው የተናገረው። ምናልባት በእርግጥ ሌላ ሊያመጣ ነው። ይኸው ጥቅምት ተጋመሰ።

እኛ እኮ በልጅነታችን መልአኩን የመስኮት መስታወት ላይ ለጥፈን እየቀዳን ነበር የምንዞረው! አንድ መልአክ፣ ሠላሳ ግልባጭ። የመስኮቱ ብረት ስለሚጋርደን የግራ ክንፉ ሁልጊዜ ያጥር ነበር። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ክንፈ አጭር መልአክ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ዓመቱን ሲጨርስ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም።

ሌላም አለ። ቢጫ ቀለም በነጭ ወረቀት ላይ ይጠፋል፣ አደይን ስትሠሩ ከሥሯ ጥቁር አረንጓዴ አድርጉ እያልኩ ስንት ጊዜ ጨቅጭቄያችኋለሁ። ልጁ አረንጓዴ ወረቀት የለውም። እያንዳንዱን የአበባ ቅጠል በሰማያዊ እስክርቢቶ ከብቦታል፤ አበባዋ ከደረጃው ሥር ሆነው ቢያዩዋት ትለያለች። ይህ የገባኝ ማታ ዕቃ ሳጥብ ነው። ፊት ለፊቴ ይዤው «ሁ»ን ነበር የማየው።

ደግሞ የአያቴን የብራና ዳዊት አስታወሰኝ። ብራናው በወስፌ ተወግቶ፣ ተሰምሮ ነው የሚጻፍበት፤ ከዚያ በላይ ጥንቃቄ የለም። ያም ሆኖ ስንኙ ረዝሞ መስመሩ ሲሞላ ጸሐፊው የተረፉትን ፊደላት ከመስመሩ ጫፍ በላይ ወይም በታች ያስቀምጣቸዋል፣ ስንኙ በዚያው መስመር እንዲያልቅ። በልጅነቴ በጣቴ ስከተላቸው ስሕተት ናቸው ብዬ አስቤ አላውቅም። ልጁና ጸሐፊው አንድ ናቸው ልል አይደለም። ጸሐፊው ብራና ይቆጥባል፤ ልጁ ደግሞ... እሱም ወረቀት ይቆጥብ ይሆናል። እንጃ።

እሺ፣ አስተጣጠፉ። በካሬ ሜትር ከ200 ግራም በላይ የሚመዝን ወፍራም ወረቀት ዝም ብሎ ከታጠፈ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ማስመሪያ አስደግፋችሁ፣ ቀለሙ ባለቀ እስክርቢቶ ጫን ብላችሁ አንድ ጊዜ አስምሩበት፤ ከዚያ በመስመሩ እጠፉት። ስለዚህ ቀለሙ ያለቀ እስክርቢቶ አትጣሉ። የልጁም ሊያልቅ የተቃረበ ነበር፤ የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች ላይ ሰማያዊው ይቆራረጣል።

50 ብሩን ለሌላ ነገር እንዳላወጣው የጫማ መደርደሪያው ላይ ቁልፍ ጭኜበት አስቀምጫለሁ። ትናንት የውኃ ቆጣሪ አንባቢው ሲያንኳኳ ይዤው ወጣሁ።

ምን እያልኩ ነበር... ማስመሪያው። ማስመሪያው የብረት ቢሆን...