ጉልበት መቀየር፦ ለማን ይቀየራል? ስንትስ ያስወጣል?

ሰላም ቤተሰብ! ዛሬ ሜክሲኮ አደባባይ ቆመናል። ጫጫታውን ቻሉት፣ ረዳቶቹ "ሳር ቤት! ሳር ቤት!" እያሉ ነው። ደግሞም ሚኒባሶቹን ፈልጌአቸው ነው የመጣሁት።

የፍሬን ሸራ ታውቃላችሁ አይደል? ብረት ከብረት እንዳይፋጭ መሃል የሚገባው። ሸራው ሲሳሳ ሾፌሩ ምን ያደርጋል? ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል! ሙልጭ ብሎ ሲያልቅ ግን ሲጥጥጥ... መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ያያል። ጉልበትም እንዲሁ ነው። አጥንቶቹ የሚገናኙበት ጫፍ ላይ ልም አጥንት የሚባል ለስላሳ ሽፋን አለ። እሱ እየሳሳ ሲሄድ ደረጃ መውጣት ፈተና ይሆናል፣ ጠዋት ከአልጋ መነሳት ፈተና ይሆናል፣ እኛም ሬዲዮ ከፍ እናደርጋለን፤ ማስታገሻ ማለቴ ነው። አንድ ልዩነት ግን አለ። ሸራ በነዳኸው ቁጥር ያልቃል፣ ጉልበት ግን ጭራሽ ካልነዳኸው ይብስበታል፣ ጡንቻው ይሟሽሻል።

ቀዶ ሕክምናው ምንድን ነው? ቶሎ ልበለው። የአጥንቶቹ ጫፍ በሚሊ ሜትር ይላጋል፣ ብረት ይለብሳል፣ መሃል ላይ ጠንካራ ፕላስቲክ ይገባል። አለቀ። እግር አይቆረጥም፣ ጎማ አይወልቅም፣ ሸራ ነው የሚቀየረው። አሜሪካ ውስጥ ብቻ በዓመት ከ700 ሺህ በላይ ይሠራል።

እሺ፣ ወደ ዋጋው ልገባ ስል... አይ፣ ቆይ። ባለፈው ቪዲዮ ላይ ስንቶቻችሁ ናችሁ "በካሜራ ገብተው ለምን አያጥቡትም? እሱ ይረክሳል" ያላችሁኝ? በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ጉልበቱን ከውስጥ ማጠብ ማለታችሁ ነው። ይኼን ሳልመልስ አላልፍም።

አሜሪካ፣ ሂዩስተን ውስጥ የጉልበታቸው ልም አጥንት የሳሳ 180 ታካሚዎችን ለሦስት ከፈሏቸው። አንዱን ቡድን አጠቡለት። አንዱን ጠርገው አጸዱለት። ሦስተኛውን ደግሞ ቆዳውን ብቻ ቀደድ አድርገው ሰፉለት! ምንም አልተሠራለትም፣ እሱ ግን አያውቅም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲጠየቁ ሦስቱም አንድ ናቸው። ውጤቱ የታተመው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ የብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ባወጣው መመሪያ ባለሙያዎች ይኼን በካሜራ የሚሠራ ሕክምና ለእንዲህ ዓይነት ጉልበት "አትሥሩት" ብለው አጥብቀው መከሩ። ያኔ በዓለም ላይ በዓመት ከ2 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይሠራ ነበር፤ አሜሪካ ብቻዋን ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ታወጣበት ነበር። ሸራው ያለቀ ሚኒባስ ላቫጆ ወስዶ ማሳጠብ ማለት ነው! ያበራል፣ ግን አይቆምም። እንግዲህ የረከሰው የቱ ነው?

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ፣ ደወሏን ተጫኗት፤ እሷ እንኳ ነጻ ናት።

ወደ ብሩ። ብረቱና ፕላስቲኩ የሚመጡት በዶላር ነው። ለስሌት ያህል ዕቃው 2,000 ዶላር ነው እንበል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት፣ ዶላር 57 ብር ገደማ ሳለ፣ 114 ሺህ ብር ነው። ከዚያ ወዲህ ዶላር ስለጨመረ በ120 ብር እንኳ ስታሰሉት 240 ሺህ። ያው ዕቃ! ስለዚህ "ጠቅላላ ይኼን ያህል" ሲሏችሁ ዕቃው አለበት ወይ፣ ማደንዘዣው፣ አልጋው፣ ፊዚዮቴራፒው አለበት ወይ ብላችሁ ዘርዝሩልን በሉ። በተለይ ፊዚዮቴራፒው። እሱን ለመቆጠብ ሲሉ ጉልበታቸው ደርቆ የቀረ አሉ።

ይቆያል ወይ? በ2019 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ሙሉ በሙሉ ከተቀየሩ 100 ጉልበቶች 82ቱ 25 ዓመት ይቆያሉ ብሏል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን መጀመሪያ ጡንቻ ማጠንከር፣ ክብደት መቀነስ፤ ቀዶ ሕክምናው እነሱ አልበቃ ሲሉ ነው።

ደረሰኝ ላይ የማይጻፍ ዋጋም አለ። የተቀየረ ጉልበት አብዛኛውን ጊዜ ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ድረስ ነው የሚታጠፈው። ቁጢጥ ማለት ከዚያ በላይ ይፈልጋል፣ መንበርከክም ብዙዎችን ያስቸግራል። እናታችሁ ስግደት የማይቀርባቸው፣ አባታችሁ ሶላት የማያልፋቸው ከሆነ፣ ወይም ቤታችሁ ያለው መጸዳጃ የቁጢጥ ከሆነ፣ ይኼን ለሐኪሙ ከመፈረማችሁ በፊት ንገሩት።

በሚቀጥለው ስለ ዳሌ ነው። ረዳቱ "ግቢ ወይ ውረጂ" እያለኝ ነው፣ ቻው!