ውሻ በአደራ፦ ከመጠለያ እስከ ቋሚ ቤት

[ምስል፦ የመጠለያ ኮሪደር። ጩኸት።]

ድምፁን እኛ አላጎላነውም። ውሾች በተደረደሩበት መጠለያ ውስጥ ጩኸቱ ከ100 ዴሲቤል በላይ ሊወጣ ይችላል። አንዱ ሲጮህ ሁሉም ይነሳል፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ውሻ ልውሰድ ብሎ የመጣው ሰውም የሚያየው ይህንኑ የደከመና የደነገጠ ፍጡር ነው፤ አይቶት ያልፋል።

አሜሪካ ውስጥ ብዙ መጠለያዎች ለዚህ ፎስተር የሚባለውን ዘዴ ይጠቀማሉ። ለዘለቄታው የሚወስደው ቤተሰብ እስኪገኝ ውሻው እናንተ ቤት በአደራ ይቀመጣል። ባለቤቱ መጠለያው ነው፤ ክትባቱንና ሕክምናውን፣ አብዛኛውን ጊዜም ምግቡን የሚችለው እሱ ነው። ተከራይ ከሆናችሁ ግን አስቀድማችሁ ውላችሁን አንብቡ። “ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው” ብትሉት አከራይ አይሰማም።

[ምስል፦ ሶፋ ሥር የተኛ ውሻ]

“እኛን ለምዶ ሲመለስ አይብስበትም ወይ?” የማይጠይቅ ሰው የለም። በ2019 የታተመ ጥናት ከ5 መጠለያዎች 207 ውሾችን አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ሰው ቤት አሳድሮ ነበር። ሽንታቸው ውስጥ የተለካው ኮርቲሶል፣ ማለትም የጭንቀት ሆርሞን፣ ቤት ሲያድሩ ቀነሰ። ሲመለሱ ወደነበረበት ተመለሰ እንጂ ከቀድሞው አልጨመረም። እንዲያውም ከተመለሱ በኋላ ከበፊቱ ረዘም ያለ ዕረፍት ያገኙ ነበር።

ውሻው ቤታችሁ ሲገባ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ዝም ብላችሁ ተዉት፤ ይደበቅ። እንግዳ አትጥሩ (ለአበሻ ቤት ከባድ ትእዛዝ እንደሆነ ይገባኛል)። በር ከመክፈታችሁ በፊት ማሰሪያውን ያዙ።

[ምስል፦ ሽንኩርት የሚቁላላበት ድስት]

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ማዕድ ቤታችን ነው። ዶሮ ወጥ ስንት ሽንኩርት እንደሚፈጅ ታውቃላችሁ። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳል። ምልክቱ፣ የነጣ ድድ፣ ድካም፣ የጠቆረ ሽንት፣ ከቀናት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ከወጡ ጋር የሚያያይዘው ሰው አይኖርም። የበሰለ የዶሮ አጥንት ደግሞ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ዘቢብና ቸኮሌትም መርዝ ናቸው። ስለዚህ ቤተሰቡን ሁሉ፣ በተለይ “አንጀቴን በላኝ” እያሉ ከገበታ ሥር ጉርሻ የሚጥሉለትን እማማን፣ ከመጀመሪያው ቀን አስጠንቅቁ። ቀምሶ ከተገኘ ምልክት ሳትጠብቁ ወደ መጠለያው ደውሉ።

[ምስል፦ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ]

መጠለያው ከእናንተ የሚፈልገው ወሬም አለ። ሌሊት ይተኛል? ብቻውን ሲቀር በር ይቧጭራል? ልጆች ሲሮጡ ይሸሻል ወይስ ይከተላል? ሊፍት ይፈራል? አጭር ቪዲዮ ቀርጻችሁ ላኩላቸው። ወሳጅ ሲመጣም ጉድለቱን አትደብቁ፤ በር እንደሚቧጭር ቀድሞ የሰማ ቤተሰብ ተዘጋጅቶ ይወስደዋል፣ ያልሰማው በሳምንቱ ይመልሰዋል።

እናንተው ልታስቀሩት ብትፈልጉስ? እንደማንኛውም ሰው ማመልከቻ ትሞላላችሁ። ብዙ መጠለያዎች ውሻውን በአደራ ላቆየው ሰው ቅድሚያ ይሰጣሉ፤ ግን ሌላ ሰው ቀጠሮ ከመያዙ በፊት ተናገሩ።