«አንቺ» በሉኝ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ እኔው ብቻ ነኝ። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሆኗል። ልጆቹ ተኝተዋል። እኔ የተከፈተ ቁም ሳጥን ሥር ቁጭ ብዬ እየቀዳሁ ነው፤ ልብስ ድምፅ ይውጣል ስላሉኝ። ከላይ ወንበር ሲጎተት ከሰማችሁ ታገሡኝ፣ ኮንዶሚኒየም ነው።

ስለ ሥራ ላወራችሁ ነው። አምና ጥቅምት ላይ፣ በ47 ዓመቴ፣ ደመወዝተኛ ሆንኩ። እንደገና ማለቴ ነው። ከ15 ዓመት በኋላ።

እንዴት እንደወጣሁ ቶሎ ልንገራችሁና ልለፈው። በ1991 ከኮሜርስ በአካውንቲንግ ዲፕሎማ ተመረቅኩ። አንድ የግል ድርጅት ውስጥ 10 ዓመት ሠራሁ። በ2002 ሁለተኛ ልጄን ወለድኩ። ያኔ የወሊድ ፈቃድ 90 ቀን ነበር፤ 30ው ከመውለድ በፊት፣ 60ው ከወለዱ በኋላ። አሁን በ2011ዱ አዋጅ 120 ደርሷል፣ እሰየው። የኔ 60 ቀን ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቤት የምታግዘኝ ልጅ ቡና እያፈላች «እትዬ፣ ፕሮሰሱ አልቆልኛል» አለችኝ። ዱባይ ልትሄድ ነው። ፓስፖርት ማውጣቷን እንኳ አላውቅም ነበር። ምን እላታለሁ? መርቄ ሸኘኋት። ከዚያ ሦስት ሞግዚት ቀያየርኩ። አንዷ በሦስተኛው ቀን ገበያ ብላ ወጥታ በዚያው ቀረች። «ለጊዜው» ብዬ መልቀቂያ አስገባሁ።

ለጊዜው 15 ዓመት ፈጀ።

ሰው ታዲያ «አሁን ምን ትሠሪያለሽ?» ሲለኝ «ቤት ቁጭ ብያለሁ» እል ነበር። የአማርኛችን ነገር። እውነት እላችኋለሁ፣ ቁጭ ያልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ለመመለስ ያሰብኩት ልጄ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ስትል ነው። ድሮ እኛ ሥራ ስንፈልግ አራት ኪሎ ሄደን፣ ለጋዜጣ አከራዩ ሳንቲም ከፍለን፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ነበር ማስታወቂያ የምናነበው። አሁን ቴሌግራም ነው። ልጄ ስልኬ ላይ አምስት የሥራ ቻናል ከፈተችልኝ። የድሮ ሲቪዬን ስታየው ደግሞ ሆዷን ይዛ ሳቀች። የፖስታ ሣጥን ቁጥር አለው፣ የፋክስ ቁጥር አለው፣ «በደቂቃ 45 ቃል እተይባለሁ» ይላል። «እማዬ፣ ይሄ ሙዚየም ይግባ» አለችኝ።

ማስታወቂያው ላይ «ዕድሜ ከ35 ዓመት ያልበለጠ» የሚለውን ሳይ መጀመሪያ እዘል ነበር። በኋላ ግን ዝም ብዬ ማመልከት ጀመርኩ። ከ30 በላይ ቦታ አመለከትኩ። አራቱ ጠሩኝ። አንዱ ቦታ ቃለ መጠይቅ ላይ «በእነዚህ 15 ዓመታት ምን ይሠሩ ነበር?» አሉኝ። የሠፈራችን ዕድር ገንዘብ ያዥ ነበርኩ አልኳቸው። 180 አባወራ፣ ዘጠኝ ዓመት፣ አንድ ብር ጎድሎ አያውቅም። ሦስቱም ጠያቂዎች እኩል አንገታቸውን ነቀነቁ። አልጻፉትም። ብዕሩን እያየሁ ነበር።

በመጨረሻ የተቀበለኝ ሜክሲኮ አካባቢ ያለ አንድ አስመጪ ድርጅት ነው። ጁኒየር አካውንታንት። 14,000 ብር። ከዚያ ዋስ አምጪ ተባልኩ። በ47 ዓመቴ! የዕድሩን ገንዘብ ዘጠኝ ዓመት ስይዝ ዋሴ ጎረቤቶቼ ነበሩ፤ ወረቀት የጠየቀኝ የለም። አሁን የባሌን ወንድም ለምኜ፣ የደመወዝ ደብዳቤ አጽፎ፣ ከሥራ ቀርቶ ፈረመልኝ። እግዜር ይስጠው፣ እስካሁን ውለታውን ያስታውሰኛል።

ሌሊት ሌሊት የምፈራው ኮምፒውተሩን ነበር። 15 ዓመት ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው ቀን ወንበሬን አሳዩኝ፣ ኮምፒውተሩ ተከፈተ፣ ስክሪኑ ላይ ምን አየሁ? ፒችትሪ! ያው የድሮው የሂሳብ መሥሪያ ፕሮግራም። ሠሪዎቹ ስሙን ከቀየሩት ቆይቷል፤ አዲስ አበባ ግን ፒችትሪ ብላ ቀርታለች። እጄ ራሱ አወቀው። ከጠፋ ዘመዴ ጋር የተገናኘሁ ያህል ነው ደስ ያለኝ።

እና ችግሩ ኮምፒውተሩ አልነበረም። ችግሩ «እርስዎ» ነበር።

ላስረዳችሁ። ቢሯችን ውስጥ ሰባት ነን። ከኔ ቀጥላ ትልቋ 33 ዓመቷ ነው። የፋይናንስ ኃላፊው፣ አለቃዬ ማለት ነው፣ 29 ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ክፋት የለበትም። ግን ክፍሉ ስገባ ከወንበሩ ይነሳል። እስቲ አስቡት፣ አለቃ ተነስቶላችሁ ሥራ እንዴት ይታዘዛል? ሁሉም «እርስዎ» ይሉኛል። ፕሪንተር ጋ ወረቀት ላመጣ ስነሳ አንዱ ሮጦ ያመጣልኛል። ጥበቃው በር ላይ «ማዘር» ነው የሚለኝ። ወር መጨረሻ ላይ ሂሳብ ሲዘጋ እነሱ እስከ ማታ ሁለት ሰዓት ያመሻሉ፤ እኔን አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን «እርስዎ ይሂዱ፣ የጀሞ ታክሲ ሰልፍ ይረዝምብዎታል» ብለው ይሸኙኛል። መጀመሪያ ሰሞን ደስ ብሎኝ ነበር። አልዋሽም፣ የጀሞ ሰልፍ በዚያ ሰዓት መከራ ነው።

ግን ሥራው ያለው ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ነው። ድሮ እኔ ሥራ ስለቅ ታክስ የሚታወቀው ፎርም ተሞልቶ፣ ቅርንጫፍ ድረስ ተሄዶ፣ ተሰልፎ ነበር። አሁን በኦንላይን ነው፣ የሚሠሩት ደግሞ ሲያመሹ ነው። አንድ ወር አለፈ፣ የቫት ማሳወቂያው እንዴት እንደሚላክ አላየሁም። ብጠይቅ «ኧረ እርስዎ አይልፉ፣ እኛ እንጨርሰዋለን» ነው መልሱ። ወንበር ሰጡኝ፣ ሥራ ግን አልሰጡኝም።

ከዚያ የደመወዙ ነገር መጣ።

ኅዳር ላይ ነው። አንድ ጊዜያዊ ሹፌር ነበረን፣ 12,000 ብር ይከፈለዋል። ፔይሮሉ፣ የደመወዝ መክፈያው ዝርዝር ማለቴ ነው፣ ውስጥ ስላልገባ ለብቻው በኤክሴል ሥሪው ተባልኩ። ሂሳብ ሠራተኞች የምትሰሙኝ ታውቁታላችሁ፤ የደመወዝ ግብር ሲሠራ የመጨረሻው እርከን ላይ ያለን ደመወዝ በ35 በመቶ አባዝተን የምንቀንሳት ቁጥር አለች። በኔ ጊዜ፣ በ1994ቱ አዋጅ፣ 662 ከ50 ነበረች። 8 ዓመት ያህል የጻፍኳት ቁጥር ናት። እንደ ስሜ ነው የማውቃት። በ2008 አዋጁ ሲቀየር 1,500 ሆናለች። ይሄንንም አውቃለሁ፣ ከመቀጠሬ በፊት አጥንቼዋለሁ! ግን እጄ ጻፈ። 662 ከ50 ብሎ ጻፈ፣ እኔም ልኬ አረፍኩ። ሹፌሩ 2,700 መገበር ሲገባው 3,537 ከ50 ተቆረጠበት። የ837 ብር ከ50 ልዩነት ነው።

አለቃዬ አየው። ምንም አላለኝም። ማታ ቁጭ ብሎ ራሱ አስተካክሎ አስከፈለ። እኔ ያወቅኩት ከሳምንት በኋላ ፋይል ሳደራጅ ነው። የኔ ወረቀት ሌላ፣ የተከፈለበት ወረቀት ሌላ። ጆሮዬ ድረስ ሞቀኝ።

ገባሁበት። ተነሳ። «ተቀመጥ» አልኩት። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ትንሽ ነገር ስለሆነች ነው... እኔው አስተካከልኳት።»

«ለእሷስ ቢሆን» አልኩት፣ አጠገቤ የምትቀመጠውን የ24 ዓመት ልጅ ማለቴ ነው፣ «ዝም ትላት ነበር?»

ሳቀ። እሷንማ በቢሮው ፊት ነበር የሚያፋጥጣት። ከዚያ ወደ መሬት እያየ «እርስዎን እንዴት ብዬ... እናቴን ነው የሚመስሉኝ» አለኝ።

«እናትህ ስንት ዓመቷ ነው?»

«52።»

አምስት ዓመት ነው የምትበልጠኝ። ይሄን ስሰማ የሆነ ነገር ወጋኝ፣ ግን አሳለፍኩት። «አንቺ በለኝ» አልኩት።

«ኧረ በፍጹም! ነውር ነው።»

«ነውሩ» አልኩት፣ «የሰው 837 ብር ስቆርጥ እያየህ ዝም ማለትህ ነው።»

እሺ አለ፣ ግን አፉ እንቢ አለው። አንድ ወር ሙሉ ምን ሲያደርግ እንደነበር ታውቃላችሁ? አንቺም እርስዎም ሳይል አማርኛ መናገር ጀመረ። «ይሄ ቢታይ።» «ይቺ ደረሰኝ ትፈለግ።» «የባንኩ ማስታረቂያ ዛሬ ቢያልቅ ጥሩ ነበር።» አድራጊ የሌለው ዓረፍተ ነገር ብቻ። የአማርኛ መምህሬ ቢሰሙት ምን ይሉ ነበር እያልኩ ብቻዬን እስቃለሁ። ቢሆንም ተሻሻለ፤ ቢያንስ አሁን «ተሳስቷል» ይላል። ማን እንደተሳሳተ ባይናገርም።

«እርስዎን» የሰበረችው የ24 ዓመቷ ልጅ ናት። ጥር ላይ፣ ቫት ሊላክ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አንድ የግዢ ደረሰኝ ጠፋ። ጭንቅ ነበር። ዞር ብላ «አንቺ ደግሞ የት ነው የከተትሽው?» አለችኝ። ቢሮው ጸጥ። ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች፣ ዓይኗ ፈጠጠ። ደረሰኙ እኔው ጋ፣ የተሳሳተ ክላሰር ውስጥ ነበር። አወጣሁና ሰጠኋት። ያን ዕለት ምሳ ጋበዝኳት፣ ሽሮ ፈሰስ። ያን ዕለት ደግሞ እስከ ሁለት ሰዓት አመሸሁ፣ አጠገቧ አስቀምጣኝ የኦንላይኑን ማሳወቂያ ከአንድ እስከ መጨረሻ አሳየችኝ። «እዚህ ጋ ተጫኚ። አይደለም፣ እዚህ ጋ። ኧረ ቀስ!» ስትቆጣ ደስ ትላለች።

አንቱታ ይጥፋ እያልኩ አይደለም። ለቅሶ ቤት፣ ዕድር፣ ታክሲ ውስጥ ልጅ ተነስቶ ሲያስቀምጠኝ ነፍሴ ነው። የቢሮው ግን አጥር ሆነብኝ። ወጣቶቹ አክብረው ነው ያራቁኝ፤ የሚያሳዝነው ይሄ ነው፣ የምትቀየሙት ሰው የለም።

የሙከራ ጊዜው ደግሞ፣ በኔ ዘመን 45 ቀን ነበር፣ አሁን 60 የሥራ ቀን ሆኗል። ስቆጥር ነበር። 61ኛው ቀን ጠዋት ማንም ምንም አላለኝም። ገብቼ ፒችትሪዬን ከፈትኩ።

ልመለስ አልመለስ እያላችሁ የምታመነቱ ካላችሁ አንድ ነገር ብቻ አስሉ። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ የወጣው በ2003 ነው፣ እኔ ከወጣሁ ከአንድ ዓመት በኋላ። ስለዚህ የድሮው 10 ዓመቴ ለጡረታ አልተቆጠረልኝም። ከደመወዜ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ ድርጅቱ 11 በመቶ ይጨምራል። በየወሩ ጡረታ ለማግኘት ግን ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል፣ መውጫው ደግሞ 60 ነው። በ47 ስገባ 13 ዓመት ነበረኝ። በ51 ብገባ ኖሮ አይደርስልኝም ነበር። ልጆቹ ትንሽ ይደጉ፣ ትንሽ ይደጉ ስል እንዲህ ለጥቂት መትረፌን ማንም አልነገረኝም። ራሴ ነኝ አንድ ማታ በካልኩሌተር ያገኘሁት።

ሐምሌ ላይ የግብር ሰንጠረዡ እንደገና ተቀየረ። እስከ 2,000 ብር ነፃ ሆነ፣ የመጨረሻው እርከን ከ14,000 በላይ ሆነ፣ ያቺ የምትቀነሰው ቁጥርም ከ1,500 ወደ 2,050 ሄደች። አለቃዬ የመጀመሪያውን ወር ሲሠራ እጁ ምን ጻፈ? 1,500። እኔ ነኝ የያዝኩት። ደስ አላለኝም ብል እዋሻለሁ። ጠራሁትና «ተሳስቷል» አልኩት፣ በራሱ አማርኛ። በሳቅ ሞተ። አሁን «አንቺ» ይለኛል፣ ሰው ከሌለ።

በነገራችን ላይ በዚህ ለውጥ የኔም ደመወዝ ከ9,620 ወደ 10,170 ከፍ አለ። የተጣራ ነው። 550 ብር ሽንኩርት ላይ ታውቁታላችሁ።

ባለፈው እሁድ ያቺ ልጅ በኢሞ ደወለችልኝ። ዱባይ የሄደችው። ልጅ እላለሁ፣ 39 ዓመቷ ነው አሁን። እዚያው ናት፣ በየበዓሉ ትደውላለች። «እትዬ፣ ሥራ ገቡ አሉኝ! እንኳን ደስ አለዎት!» አለችኝ። እና ስልኩን እንደያዝኩ አንድ ነገር ታወቀኝ። ይቺን ሴት ቤቴ ከገባችበት ቀን ጀምሮ «አንቺ» ነው የምላት። ሳልጠይቃት። ሽንኩርት ቁረጪ፣ ልጁን እጠቢ፣ ይሄ አልበሰለም፣ ድገሚው። እሷ ይሄው እስከ ዛሬ «እርስዎ»።

«እስቲ አንቺ በይኝ» አልኳት።

«ውይ እትዬ! ምን ሆነዋል?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለመሆኑ ስንት ይሰጡዎታል?» አለችኝ።

«አሥር ሺህ አንድ መቶ ሰባ።»

«በሳምንት?»

«በወር።»

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አለች። «እትዬ... ትንሽ ልላክልዎት እንዴ?»

ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም።