ሞተሩ ሲቆም ነው የሚከብደው

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ልቤ ውስጥ የቆየ ነገር አለ፣ እሱን ላውራችሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት አድማጭ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። «ክሩዘር ሞተር መግዛት እፈልጋለሁ። ነድቼ አላውቅም። የቱን ልግዛ?» ትላለች። ድምጿ ውስጥ ያለውን ጉጉት አውቀዋለሁ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። መልሱን መጻፍ ጀመርኩ፣ ጻፍኩ፣ ጻፍኩ፣ አላልቅ አለኝ። ስለዚህ አጠር አድርጌ ላክሁላትና ሙሉውን እዚሁ ልመልስላት።

ለማታውቁት፣ ክሩዘር ማለት ዝቅ ያለ፣ ረዘም ያለ፣ መሪው ወደ ነጂው የሚመጣ ሞተር ነው። ስፖርት ሞተር ላይ ሰው ወደፊት ተደፍቶ ነው የሚቀመጠው። ክሩዘር ላይ ግን ጀርባችሁ ቀጥ ብሎ፣ እጃችሁ ዘና ብሎ ትቀመጣላችሁ። ኢንጂኑ ጉልበቱን የሚሰጠው ገና ከዝቅተኛው ዙር ጀምሮ ስለሆነ እያስጮኹ መንዳት አያስፈልግም። ድምፁ ዱብ ዱብ ይላል። እኔን የማረከኝ ያ ድምፅ ነው።

የመጀመሪያ ሞተሬን የገዛሁት በዓይኔ ነው። ጥቁር ነበር። ያገለገለ፣ የኢንጂኑ መጠን ከ800 ሲሲ በላይ፣ ክብደቱ 250 ኪሎ የሚያልፍ። የነዳጅ ታንከሩ ከመወልወሉ የተነሳ ፊቴን ያሳየኝ ነበር። ቁመቴ 1 ሜትር ከ60 ነው። ስቀመጥበት ሁለቱም እግሮቼ መሬቱን ሙሉ በሙሉ ረገጡ። «በቃ፣ ለኔ የተሠራ ነው» አልኩ። ከዚያ ወዲያ ማንም ምን ቢለኝ የምሰማ አልነበርኩም።

በሦስተኛው ሳምንት ጣለኝ።

መንገድ ላይ አይደለም። መኪና ማቆሚያ ውስጥ ዞሬ ልወጣ ስል ነው። ፍጥነቴ ከሰው እርምጃ አይበልጥም። መሪውን ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙሬዋለሁ። አንድ መኪና በድንገት ወደኋላ መውጣት ጀመረ። ደነገጥኩና የፊት ፍሬኑን ጭምድድ አድርጌ ያዝኩት። ሞተሩ ቀጥ አለ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ማዘንበል ጀመረ። ቀኝ እግሬን ተከልኩ። ለአፍታ የያዝኩት መሰለኝ። ወዲያው ጉልበቴ ከዳኝ። እግሬን አስመልጬ ዘለልኩ፣ እሱ ተጋደመ። ነዳጅ ሸተተኝ። ስፖኪዮው አስፋልቱ ላይ ተበትኗል። ላነሳው ብታገል ንቅንቅ አላለም። ሁለት ሰዎች ሮጠው መጥተው አነሱልኝ።

ምንም አልሆንኩም፤ ጭረት እንኳን አልነበረኝም። ግን ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ያህል ቁልፉን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይንቦጨቦጭ ነበር። በመጨረሻ መጀመሪያውኑ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ፤ ሥልጠና ገባሁ። አሠልጣኙ በዕድሜ የገፉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። «እህቴ፣» አሉኝ፣ «ሞተር ሲሄድ ራሱን ይችላል። ሲቆም አንቺን ነው የሚደገፈው።»

ያቺን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ለአድማጬም ልነግራት የምፈልገው እሷኑ ነው። የመጀመሪያ ሞተር ስንመርጥ ሁላችንም በሐሳባችን ክፍት መንገድ ላይ ነን። ፀሐይ አለ፣ ነፋስ አለ፣ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። እዚያ ላይ ደግሞ 250 ኪሎም 350 ኪሎም ያው ነው፤ ጎማዎቹ እየዞሩ እስካሉ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጀማሪ ግን ቀኑን የሚያሳልፈው መብራት ላይ ሲቆም፣ ጠባብ ቦታ ላይ ሲዞር፣ ዳገት ላይ ሲነሳ፣ ሞተሩን እየገፋ ከማቆሚያ ሲያወጣ ነው። ክብደቱ ወደ እናንተ የሚመጣው እዚያ ነው።

እኔን ያሳሳተኝ የወንበሩ ዝቅታ ነው። ዝቅ ያለ ሞተር ቀላል ይመስላል። ሁለቱ ግን ለየቅል ናቸው። ቁጥሩን እንየው። የሆንዳው ሬብል 500 ወንበሩ ከመሬት 69 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ክብደቱ ወደ 190 ኪሎ። የሮያል ኤንፊልዱ ሜቲዮር 350 ክብደቱ ያው ወደ 190 ኪሎ ነው፣ ወንበሩ ግን 76.5 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ ለአጭር ሰው ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። የካዋሳኪው ቩልካን ኤስ ወንበሩ ከሬብሉ ብዙም አይርቅም፣ 70.5 ነው፤ ክብደቱ ግን ከ220 ኪሎ ይበልጣል። የያማሃው ቪ ስታር 250 ደግሞ 150 ኪሎ እንኳን አይሞላም። ወረቀት ላይ 30 ኪሎ ምንም አይመስልም። ሞተሩ ማዘንበል ሲጀምር ግን እያንዳንዷ ኪሎ ታስታውቃለች።

የፊት ፍሬኑን ነገር ላብራራው፣ ምክንያቱም ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው በዚህ ነው። መሪው ተጠምዝዞ እያለ የፊት ጎማው በድንገት ሲቆም፣ የሞተሩ ክብደት መሪው ወደዞረበት ጎን ይወድቃል። ፍጥነት ስለሌለ የሚያቀናው ነገር የለም። ለዚህ ነው በዝግታ ስትዞሩ የኋላ ፍሬኑን በቀስታ ረገጥ አድርጋችሁ፣ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ይዛችሁ፣ ዓይናችሁን ልትሄዱበት ወዳሰባችሁት ቦታ የምትልኩት። መሬት መሬት ካያችሁ መሬት ትሄዳላችሁ። ክሩዘር ላይ ደግሞ ረጅም ስለሆነና ክብደቱ ወደኋላ ስለሚያደላ የኋላ ፍሬኑ ከስፖርት ሞተሩ የበለጠ ይሠራል። በፍጥነት ላይ ስትሆኑ ግን ዋናው የማቆም ሥራ አሁንም የፊቱ ነው፤ ሁለቱንም አንድ ላይ መልመድ ያስፈልጋል።

ሌላው የፊት ሹካው ነው። የፊት ጎማውን የያዙት ሁለቱ ብረቶች ስፖርት ሞተር ላይ ቀጥ ለማለት ይቀርባሉ፤ ወደ 24 ዲግሪ ብቻ ነው የሚያዘነብሉት። ብዙ ክሩዘር ላይ 30 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይደርሳሉ። ያ ነው ክሩዘርን ቀጥታ መንገድ ላይ እንደ ባቡር የሚያስኬደው። ያው ነገር ጠባብ ቦታ ላይ ሲሆን መዞሪያውን ያሰፋዋል። ስለዚህ ሞተር ልታዩ ስትሄዱ መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ መጨረሻው አዙሩት። የውጪው እጃችሁ መያዣው ላይ ሳትንጠራሩ ይደርሳል? ካልደረሰ ለእናንተ ልክ አይደለም፣ ወይም መሪው መቀየር አለበት።

እግርም አለ። አንዳንድ ክሩዘሮች የእግር መርገጫቸው ወደፊት የተዘረጋ ነው። ሲያዩት ያምራል። ነገር ግን ጉድጓድ ሲመጣ ተነስታችሁ በእግራችሁ መቆም አትችሉም፤ ድብደባው በቀጥታ ወገብ ላይ ነው። ሲቆምም እግርን ከዚያ ሩቅ ቦታ መልሶ መሬት ማድረስ ለጀማሪ ይዘገያል። እኔ መሀል ላይ ያለውን ነው የምመክረው። ቩልካን ኤስ በዚህ ረገድ የታሰበበት ነው፤ መርገጫውን እንደ ነጂው እግር ርዝመት ወደፊትና ወደኋላ ማስተካከል ይቻላል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። «ትንሽ ከገዛሽ በስድስት ወር ይሰለችሻል፣ አንዴውኑ ትልቁን ግዢ።» ይህን ያላለኝ ሰው የለም። የገዛ ወንድሜ ሳይቀር። ሰዎቹ ክፉ አስበው አይደለም፣ ገንዘብ እንዳይባክን ብለው ነው። ግን ምክሩ አደገኛ ነው፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ሃሪ ኸርትና ባልደረቦቹ ሎስ አንጀለስ ውስጥ 900 ያህል የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ እየሄዱ መረመሩ። አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች 92 በመቶ የሚሆኑት መንዳት የተማሩት ራሳቸውን በራሳቸው ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ ነበር። እኔን ግን ይበልጥ የገረመኝ ሌላው ነው። ነጂዎቹ በአማካይ ሦስት ዓመት የሚጠጋ የመንገድ ልምድ ነበራቸው። ሆኖም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አደጋው በደረሰበት ሞተር ላይ ገና 5 ወር አልሞላቸውም ነበር። ጥናቱ ያረጀ ነው፣ የዚያ ከተማና የዚያ ዘመን ነው። ቢሆንም እኔ ያየሁትን ነው የሚያሳየው፦ ሰው መንዳትን ብቻ ሳይሆን ያንን አንድ ሞተር መልመድ አለበት። መንገዱንም፣ መንዳቱንም፣ የማይነሳ ብረትንም በአንድ ላይ መልመድ ደግሞ ለማንም ከባድ ነው።

ከሥልጠናው በኋላ ጥቁሩን ሸጥኩት። ሲሄድ አለቀስኩ፣ አልዋሽም። የገዛኋት 500 ሲሲ ናት። መጀመሪያ ቀን ከማቆሚያ ስገፋት ሳቄ መጣ፤ በአንድ እጅ ወንበሯን፣ በአንድ እጅ መሪዋን ይዤ ወደኋላ አስኬድኳት። ሁለት ዓመት ሆነን። አልሰለቸችኝም። ጥቁሩ ላይ በወር ሁለቴ ብወጣ ነው፤ እሷን በየቀኑ ነው የማወጣት። ያን ያህል ስነዳ ነው መንዳት የገባኝ።

ስለዚህ የቱን? መንገድሽ ከተማ ውስጥ ከሆነ 250 እና 300 ሲሲ በቂ ነው፤ ቪ ስታር 250 ወይም ሬብል 300 ያለ ችግር ያስተምርሻል። ፈጣን አውራ ጎዳና ላይ የምትውይ ከሆነ ግን ትንሹ ኢንጂን ይደክማል፣ እጅሽም በንዝረቱ ይደነዝዛል። ያኔ 500 አካባቢ ይሻላል። ሜቲዮር 350 ጉልበቷ 20 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ለእርጋታ የተሠራች ናት፣ ለሚቸኩል ሰው አትሆንም። አውሮፓ ውስጥ ኤ2 የሚባለው መንጃ ፈቃድ 35 ኪሎዋት፣ ማለትም ወደ 47 የፈረስ ጉልበት ድረስ ብቻ ነው የሚፈቅደው። ሬብል 500 እዚያ ውስጥ ትገባለች። ያ ገደብ በሌለበት አገር ለምትኖሩም ጥሩ መለኪያ ይመስለኛል።

ኤቢኤስ የሚባለው የፍሬን ሥርዓት ያለውን ፈልጉ። የደነገጠ እጅ ፍሬን ጨምድዶ ሲይዝ ጎማው እንዳይቆለፍ ያደርጋል። በመኪና ማቆሚያው ውስጥ እኔን ያድነኝ ነበር ማለት አልችልም፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት ብዙም አይረዳም። እርጥብ መንገድ ላይ ግን በፍጹም አልደራደርበትም።

እና እባካችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። በምትነዱበት ጫማ ሂዱ። ተቀመጡ፣ የጎን ማቆሚያውን እጠፉ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በጣም በትንሹ አዘንብሉት። ክብደቱ ከየት ጀምሮ እንደሚመጣ ይሰማችኋል። ከዚያ ተቀምጣችሁ እንዳላችሁ በእግራችሁ ሦስት ሜትር ወደኋላ ግፉት። ላብ ካጠመቃችሁ ተዉት። ቢወድቅ እንዴት እንደሚነሳም ተማሩ። ኢንጂኑን አጥፉ፣ ማርሽ ውስጥ አስገቡት። በቀኝ ጎኑ ከወደቀ ከማንሳታችሁ በፊት የጎን ማቆሚያውን አውጡ፣ አለበለዚያ ስታነሱት በሌላው ጎን ይሄድባችኋል። ጀርባችሁን ለሞተሩ ስጡ፣ መቀመጫችሁን ወንበሩ ላይ አስደግፉ፣ በእግራችሁ እየገፋችሁ ወደኋላ በትንንሽ እርምጃ ሂዱ። በወገብ ማንሳት አይሞከርም።

ያገለገለ ከሆነ የጎማውን ጎን እዩ። አራት ቁጥር ታገኛላችሁ። 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ጥርሱ ያልተበላ ጎማም ቢሆን ካረጀ ይደርቃል፣ አስፋልቱን አይዝም። የፍሪሲዮንና የፍሬን መያዣዎቹን ጫፍ፣ የእግር መርገጫውን ጠርዝ በጣታችሁ ዳስሱ፤ የተፋቀ ከሆነ ሞተሩ ወድቆ ያውቃል። የፊት ሹካው ላይ ክብ የዘይት ምልክት ካለ ዘይቱን የሚይዘው ጎሚኒ አልቋል።

ለአድማጬ ይህን ሁሉ በአጭሩ ጽፌላት ነበር። ትናንት መለሰችልኝ። ሥልጠና ተመዝግባለች። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ አንድ 300 ሲሲ ልታይ ነው። እህቴ፣ እየሰማሽኝ ከሆነ፣ ነገውኑ ለሻጩ ደውይና «አስነስተህ እንዳትጠብቀኝ» በይው። ስትደርሺ መጀመሪያ እጅሽን ኢንጂኑ ላይ አስቀምጪ። ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ሳይሞቅ እንዴት እንደሚነሳ ራስሽ ስሚው። ጫማሽንም እንዳትረሺ።

በሉ፣ ሰላም ቆዩኝ።