«ያ ሰውዬ አስም አለበት እንዴ?»፦ የገጸ ባሕሪን ስሜት በሰውነቱ ስለ መጻፍ

[ምስል፦ አራት ኪሎ፣ ከሰዓት በኋላ። ካሜራው ከመንገዱ ማዶ ሆኖ በአንድ ካፌ መስታወት ውስጥ ያያል።]

እነዚያን ሁለት ወጣቶች ተመልከቱልኝ። ከሚያዝያ 27 ሐውልት ትንሽ ዝቅ ብሎ ካለው ካፌ፣ መስኮቱ ሥር። የሚሉት አይሰማንም፤ መንገድ አለ፣ መስታወት አለ፣ የታክሲ ረዳቶች ጩኸት አለ። ፊታቸውንም አደብዝዘነዋል፤ ለዛሬው ጉዳያችን ፊት ብዙም አያስፈልገንም። ባለ ሹራቡ አሁን ገባ። ተቀምጦ ይጠብቀው የነበረው ብድግ አለ። ተጨባበጡ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጋጩ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ባለ ሹራቡ የጓደኛውን ጀርባ መታ መታ አደረገ። ይቺን ሰላምታ ያዙልኝ።

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የምናወራው በልብ ወለድ ውስጥ የሰውን ስሜት በሰውነቱ እንቅስቃሴ ስለ ማሳየት ነው። ከራሴ ጉድ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ መሃል ከተማ፣ በአንድ የንባብ ምሽት ላይ አጭር ልብ ወለዴን አነበብኩ። ተጨበጨበልኝ። ሰው ሲበተን አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ክንዴን ያዝ አደረጉና፣ «ልጄ፣ ጥሩ ነው። ግን ያ ሰውዬ አስም አለበት እንዴ?» አሉኝ። አልገባኝም። «በረጅሙ ተነፈሰ፣ በረጅሙ ተነፈሰ ትላለህ እኮ!» ቤት ገብቼ ቆጠርኩት። በስድስት ገጽ ውስጥ 11 ጊዜ ተንፍሷል።

እንዲህ ያሉ ሐረጎች ሁላችንም ኪስ ውስጥ አሉ። የደነገጠ ሰው ላብ ያጠምቀዋል። የተናደደ ደም ሥሩ ይገታተራል። ያዘነ አንገቱን ይደፋል። ያፈረች ፊቷ ቲማቲም ይመስላል። ይሄ ቲማቲም በተለይ ይገርመኛል። ሲያፍሩ ደም ወደ ፊት መሮጡ የሁሉም ሰው ነው፤ ነገር ግን ጠይም ፊት ላይ መቅላቱ ከሩቅ አይነበብም። ያም ሆኖ በየድርሰታችን ያለች ጠይም ልጅ ሁሉ እንደ ቲማቲም ትቀላለች። ከትርጉም ልብ ወለድ የወረስነው ይመስለኛል። የእኛዋ ዓይን አፋር መሬት ነው የምታየው፤ በእግሯ ጣት አፈር ትጭራለች፣ የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልላለች።

እነዚህ ሐረጎች አንድ ጊዜ ሕያው ነበሩ። አሁን አንባቢው «አንገቱን ደፋ» ሲል የሚያየው አንገት የለም፤ «አዘነ» ብሎ ያነበዋል፣ ያልፋል። እንደዚያ ከሆነ «አዘነ» ብላችሁ ብትጽፉ ይሻላል። አጭር ነው፣ አያስመስልም።

ታዲያ ሰውነት መቼ ነው የሚናገረው? እኔ የደረስኩበት አንድ ነገር ነው። ሰውነት የሚናገረው ከልማዱ ሲወጣ ነው። ሁሌ የሚያደርገውን ሲተው፣ ወይም ሲያጎድል፣ ወይም ሲያበዛ። ስለዚህ መጀመሪያ ልማዱን ማወቅ ግድ ይላል።

[ምስል፦ የሰፈር ሱቅ። አንድ ልጅ በመስኮቱ ብር ያቀብላል።]

ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1872 ስለ ሰውና ስለ እንስሳት ስሜት አገላለጽ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ እኛም አለንበት። አገራችንን አላየም፤ ከሌሎች አጠያይቆ ነው የጻፈው። የአቢሲኒያ ሰው እሺታውን ሲገልጽ ራሱን ወደ ኋላ ቀና አድርጎ ቅንድቡን ለአፍታ ያነሳል፤ እምቢታውን ሲገልጽ ደግሞ ራሱን ወደ ቀኝ ትከሻው ነቅነቅ አድርጎ አፉን ሳይከፍት «ጭ» ያደርጋል ይላል። ቅንድቡ ዛሬም እንዳለ ነው። ባለሱቁን «ዳቦ አለ?» በሉት፤ ከስልኩ ቀና ሳይል ቅንድቡን ያነሳል። አለ ማለቱ ነው።

አሁን በትርጉም መጻሕፍት ያደገ ጸሐፊ «ተገረመ» ለማለት «ቅንድቡን ወደ ላይ ሰቀለ» ብሎ ይጽፋል። የአራት ኪሎ አንባቢ «እሺ አለ» ብሎ ሊረዳው ይችላል። ትንፋሽን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ «አዎ» ማለታችንም እንዲሁ ነው። እንግዳ ሰው «ምነው? ምን አስደነገጣችሁ?» ይላል። ይህቺን ትንፋሽ በፊደል መጻፍ እንደሚያስቸግር ሞክራችሁት ከሆነ ታውቃላችሁ። እኔ «ትንፋሿን ሳብ አድርጋ እሺ አለችው» ብዬ አልፋታለሁ፤ የተሻለ ካላችሁ ስጡኝ።

ወደ ሰላምታ ልምጣ፤ ለአማርኛ ጸሐፊ እንደ ሰላምታ ያለ ሀብት የለምና። ጎንበስ ማለት አለ። ቀኝ እጅን ሲዘረጉ በግራ እጅ ክንድን ደገፍ ማድረግ አለ፤ ይሄ ለታላቅ ነው፣ ለአለቃ ነው፣ ለማያውቁት ሰው ነው። ትከሻ አለ፤ ይሄ ለባልንጀራ ነው። ጉንጭ መሳም አለ፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ በናፍቆቱ ልክ ነው። ትልቅ ሰው ሲገባ ደግሞ የተቀመጠው ሁሉ ይነሳል። «ኖር!» ይላል። «በእግዜር! ተቀመጡ፣ ኧረ ተቀመጡ!» ይባላል።

እንግዲህ ለቅሶ ቤት እንሂድ። ድንኳን ውስጥ ነን። በውርስ ምክንያት የተኳረፉት አጎት ገቡ። ሰው ሁሉ ተነሳ። የወንድማቸው ልጅም ተነሳ። እንዴት? እጁን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ ወገቡን ብቻ ከወንበሩ ከፍ አድርጎ፣ አጎትየው «ተቀመጡ» ሳይሉ ተመልሶ ቁጭ አለ።

ጭራሽ ባይነሳ ኖሮ ጠቡን በአደባባይ ማወጅ ነበር፤ ሽማግሌ ይጠራል፣ ታሪኩም ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል። ግማሽ መነሳት ግን ያስክዳል። እናቱ ማታ ብትቆጣው «ተነሳሁ እኮ!» ይላታል። እናትየው ደግሞ የነጠላዋን ጥለት ወደ ላይ ዘቅዝቃ ለብሳለች፤ ሐዘንተኛ ናት፣ ከሐዘኗ ላይ ይሄ ተጨመረባት፤ ነጠላውን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ ዝም አለች። ልብ በሉ፣ እስካሁን «ጠላው» አላልኩም፣ «ተናደደች» አላልኩም። ሰውነት ስሜትን እየገለጠ መካጃ ቀዳዳም ይተዋል። እኔ ከቃል ይልቅ የሰውነትን ነገር የምወደው ለዚህ ነው።

አሁን ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር። አማርኛ በ«አለ» የሚነገሩ ግሶች አሉት። «ተቀመጠ» በሉና ምን አያችሁ? ምንም። «ዘፍ አለ» በሉ። «ቁጢጥ አለ» በሉ። «ኩርምት አለ» በሉ። «ጀነን ብሎ ተቀመጠ» በሉ። የመጀመሪያው ድካም ነው፣ ወይም መርዶ። ሁለተኛው ለመሄድ የተዘጋጀ ሰው ነው። ሦስተኛው ይበርደዋል ወይም ይፈራል። አራተኛው ቤቱ የማን እንደሆነ እያሳየን ነው። በአንድ ቃል ወገቡን፣ ጉልበቱን፣ ትከሻውን ሁሉ አገኛችሁት።

ሌላም አለ። «ደንገጥ አለ» እና «ድንግጥ አለ» አንድ አይደሉም። የፊተኛው ትንሽ ነው፤ ሰውየው ወዲያው ራሱን ሰብስቦ ወሬውን ይቀጥላል። የኋለኛው መላ አካሉን ይዞታል። «ሰበር አለች» እና «ስብር አለች»ም እንደዚያው። በሩን «ዘጋ አደረገችው» ስትሉ ገርበብ አድርጋ ትታዋለች፣ ተከትሏት እንዲወጣ ሳትፈልግ አልቀረችም፤ «ዝግት አደረገችው» ካላችሁ ግን ነገሩ አበቃ። የስሜቱን መጠን «በጣም»፣ «እጅግ በጣም» እያሉ ከመለካት አናባቢውን መቀየር ይበቃል። ይህን የመሰለ መሣሪያ እጃችን ላይ እያለ «በከፍተኛ ድንጋጤ ውስጥ ሆኖ ተመለከታት» ብሎ መጻፍ የቢሮ ደብዳቤ ነው።

[ምስል፦ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት፣ የድንጋዩ አንበሳ።]

በነገራችን ላይ፣ በብሔራዊ በኩል ስታልፉ ይህን አንበሳ ቆም ብላችሁ እዩት። ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ 25ኛ ዓመት መታሰቢያ የሠራው ነው። ፊቱ ላይ ይህ ነው የሚባል ስሜት አይታይም። ኩራቱ በሙሉ ቀጥ ብሎ በቆመው አካሉ ላይ ነው። ጀማሪ ጸሐፊ ግን ፊት ላይ ይጣበቃል፤ ዓይን፣ ቅንድብ፣ ከንፈር፣ ደግሞ ዓይን። እጁስ? ጫማውስ? ቦርሳዋን ሜክሲኮ ታክሲ ውስጥ ስትገባ የት ነው ያስቀመጠችው፣ ጭኗ ላይ ወይስ በእሷና አጠገቧ በተቀመጠው ሰው መካከል?

ፍርሃትን ብቻ ለየት አድርጌ ላንሳው። ሰው ሲፈራ አፉ ይደርቃል፤ ሰውነቱ ለመሮጥ ወይም ለመጋጠም ሲዘጋጅ ምራቅ ማመንጨት ይቀንሳልና። ይህን ለእኛ አገር ገበታ አምጡት። የፈራ ሰው ትሪ ላይ ቀርቧል። የሚፈራው ሰውዬ እንጀራውን ጠቅልሎ፣ ወጥ አጥቅሶ፣ «በሞቴ!» ብሎ ጉርሻ ዘረጋለት። እምቢ አይባልም። ጎረሰ። አሁን ያኝካል፣ ያኝካል፣ አይወርድለትም። ሰውዬው ሁለተኛውን መጠቅለል ጀመረ፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል አይደል! ላብ አላስፈለገንም፣ የልብ ምት አላስፈለገንም።

ሳቅም ጨዋታ አለው። ዱሼን የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ከመቶ ስድሳ ምናምን ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1862፣ ከልብ ሲስቁ ከአፍ ሌላ በዓይን ዙሪያ ያለው ጡንቻም እንደሚሳተፍ፣ ያንን ደግሞ እንዲሁ በፈቃድ ማዘዝ አስቸጋሪ እንደሆነ ጽፏል። የእኛ ሰው ነገሩን «ጥርስ ባዳ ነው» ብሎ ጨርሶታል።

አሁን ሙሉ ምሳሌ። መጀመሪያ በድሮው እኔ፦

«ጋሽ ታደሰ ልጃቸው ልትሄድ መሆኑን ሲሰሙ ልባቸው ተሰበረ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። በረጅሙ ተነፈሱ።»

አሁን ደግሞ እንዲህ፦

«የጋሽ ታደሰ ማኪያቶ በሦስት ማንኪያ ስኳር ነው። ሰናይት ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ነው፤ እናቷም በዚሁ ስትነተርካቸው ነው የኖረችው።

“ቪዛው መጣ፣ አባዬ።”

“እሰይ! እሰይ የኔ እናት! እንኳን ደስ ያለሽ።”

ማንኪያውን አነሱ። አማሰሉ፣ ደግመው አማሰሉ። የስኳሩ ዕቃ ክዳኑ እንደተከደነ ነው። ፉት አሉና፣ “የዚህ ቤት ማኪያቶ ጥሩ ነው” አሉ።

ሰናይት የስኳሩን ዕቃ ቀስ ብላ ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችው። አላዩትም።»

አፋቸው «እሰይ» ይላል፤ እጃቸው ባዶ ማኪያቶ ያማስላል። ልጅቷም ገባት፣ ግን «ምነው አባዬ?» አላለችም፤ ብትል እሳቸውን ማጋለጥ ይሆንባታል። ገፋ አደረገችው፣ በቃ። አንድ ስህተት ግን ሠርቻለሁ፤ ልማዱንም ስብራቱንም እዚያው በአንድ ትንፋሽ ውስጥ ነገርኳችሁ፣ ቪዲዮ ስለሆነ። በድርሰት ውስጥ ሦስቱን ማንኪያ ገጽ ሁለት ላይ፣ በሳቅ፣ በሌላ ወሬ መሃል ጣል አድርጋችሁ ሂዱ። አንባቢው ገጽ ዘጠኝ ላይ ራሱ ያገኘዋል።

በአንደኛ መደብ የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። «ፊቴ ጠቆረ» የሚል ተራኪ መስታወት ይዟል ማለት ነው። ራሱን ከውጭ አያይም። የሚሰማውን ይናገር፣ ወይም ሌላው ሰው «ምነው ጠቆርክ?» ይበለው።

[ምስል፦ አራት ኪሎ፣ ያው ካፌ። መሽቷል፣ መብራት በርቷል። ድምፅ የለም።]

እነዚያ ልጆች አሁንም አሉ። ሁለት ሰዓት ሊሞላ ነው። ባለ ሹራቡ ተነሳ። ጓደኛው ጠረጴዛው ላይ የነበረ ፖስታ አጥፎ ወደ ደረት ኪሱ ከተተ፤ እሱም ቀስ ብሎ ተነሳ። ትከሻውን ወደ ፊት ሰጠት አደረገ፣ እንደ ቅድሙ።

ባለ ሹራቡ ግን ቀኝ እጁን ዘረጋለት። በግራ እጁ ክንዱን ደገፍ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ።