መብራቷን ከማጥፋታችሁ በፊት

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ከደብረ ማርቆስ ነው የማወራችሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነውና ድምፁ ቢገባ ታገሱኝ። ክረምት ነው፣ ምን ይደረጋል።

ዛሬ ስለ ቼክ ኢንጅን መብራት ነው። ያቺ ዳሽቦርድ ላይ የምትበራ ቢጫ የሞተር ምስል። አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ሁሉ ያውቃታል። አንዳንዱማ ከመልመዱ የተነሳ ስትጠፋ ነው የሚደነግጠው።

እኔን የሚያናድደኝ አንድ ነገር አለ። ጋራዥ ቁጭ ብላችሁ ጆሯችሁን ጣል ብታደርጉ ደጋግማችሁ የምትሰሙት "አያ፣ እስቲ ይችን መብራት አጥፋልኝማ" የሚል ነው። ለምን በራች ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ባለሙያውም የኮድ ማንበቢያ ማሽኑን ይሰካል፣ ያጠፋል፣ ብሩን ይቀበላል። ሰውየው ደስ ብሎት ይሄዳል። ፍኖተ ሰላም ሳይደርስ ተመልሳ ትበራለች።

የሚጠፋው መብራቱ ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረኝም። የሞተሩ ኮምፒውተር ኮድ፣ ማለትም የብልሽቱን መለያ ቁጥር፣ ሲመዘግብ የዚያችን ቅጽበት ሁኔታም አብሮ ያስቀምጣል። ሞተሩ በስንት ዙር ይሠራ ነበር፣ ምን ያህል ሞቆ ነበር፣ መኪናው በስንት ፍጥነት ይሄድ ነበር። እንጅባራ ላይ በጠዋት ብርድ ሲነሳ የበራ መብራትና የዓባይን በረሃ ሲወጣ የበራ መብራት ኮዳቸው አንድ ሆኖ መነሻቸው ሊለያይ ይችላል። ኮዱን ስታጠፉ ይህ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። የባትሪ ገመድ ነቅሎ መመለስም ብዙ ጊዜ ያው ነው። ስለዚህ ባለሙያው ጣቱን ወደ ማጥፊያው ከማድረሱ በፊት ስልካችሁን አውጡና ስክሪኑን ፎቶ አንሱ። ምንም አይከፈልበትም።

የእኔዋ ኮሮላ አርጅታለች። በቅርቡ በራችና ተነበበች፤ ኮዱ ፒ0171 ነበር። ድብልቁ ሳስቷል ማለት ነው። ለአየሩ የሚመጥን ቤንዚን የለም። ይህን የሚያሳብቀው ጭስ መውጫው መስመር ላይ የተሰካው የኦክስጅን ሴንሰር ነው። ኮምፒውተሩ ሴንሰሩን ሰምቶ ቤንዚን ይጨምራል። ጨምሮ ጨምሮ የተፈቀደለት ወሰን ላይ ሲደርስ መብራቱን ያበራል።

አንድ ጋራዥ ኮዱን አየና "ኦክስጅን ሴንሰሩ ይቀየር" አለ። ዋጋውን ሲነግረኝ አመስግኜ ወጣሁ። ሴንሰሩ እኮ ሥራውን ነው የሠራው! ኮድ ከሳሽ እንጂ ዳኛ አይደለም። እዚህ ጎጃም ሙግት የማያውቅ ሰው የለም፤ ከሳሽ ስለጮኸ ብቻ የሚፈርድ ማን ነው?

ሌላ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። ልጅ ነው ገና። ኮዱን አይቶ አለፈውና ሞተሩ እየሠራ ማሽኑ የሚያሳያቸውን ቁጥሮች ከፈተ። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ፣ ኮምፒውተሩ የሚጨምረው ቤንዚን ከ20 በመቶ በላይ ነው። ነዳጁን ረገጥ አድርጎ 2,500 ዙር ላይ ሲይዘው ቁጥሩ ወደ 5 ወረደ። "አየህ ጋሼ፣ ንፋስ እየሳበች ነው" አለኝ። ነገሩ ቀላል ነው። ሚኒሞ ላይ ብሶ ዙር ሲጨምር ከተሻለው፣ አየር ባልተፈቀደለት በር እየገባ ነው። ዙር ሲጨምር ከባሰበት ደግሞ ያጠረው ቤንዚኑ ሊሆን ይችላልና ወደ ፓምፑና ወደ ቤንዚን ፊልትሮው ይኬዳል።

ከዚያ ኮፈኑን ከፈተ። ከአየር ፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ወፍራም ጥቁር ጎማ በሁለት እጁ ይዞ ጎበጥ አደረገው። ከላይ ሲታይ ምንም የለውም። ሲጎብጥ ግን ከሥር በኩል፣ ማሰሪያው አጠገብ፣ ጥፍር የምታስገባ ስንጥቅ አፏን ከፈተች። የአየር መለኪያው ያለው ከእሷ በፊት ነው። በስንጥቋ የሚገባውን አየር አይቆጥረውም፤ ስለማይቆጥረው ቤንዚን አይመደብለትም። የሚገባው ደግሞ አየር ብቻ አይደለም። የበጋው አቧራም ፊልትሮውን ሳይነካ ቀጥ ብሎ ወደ ሞተር ነው። ጎማው ተቀየረ። ሴንሰሩ እስካሁን ያው ራሱ ነው።

በነገራችን ላይ ኢንተርኔት ላይ ብታነቡ መጀመሪያ የሚነግሯችሁ "የነዳጅ ክዳኑን አጥብቁ" የሚል ነው። ምክሩ ውሸት አይደለም። ግን በአመዛኙ ለአሜሪካ መኪና ነው፤ እዚያ የቤንዚን ትነት ማምለጡን ኮምፒውተሩ እንዲከታተል ሕጉ ያስገድዳል። እኛ ጋ ያሉት ብዙዎቹ አሮጌ መኪኖች ለሌላ ገበያ የተሠሩ ናቸው።

የማንበቢያው ጉዳይም እንደዚሁ ነው። ማንበቢያው የሚሰካባት፣ ከመሪው ሥር ያለችው 16 እግር ያላት ሶኬት በአሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ፣ በአውሮፓ ለቤንዚን መኪኖች ከ2001 ጀምሮ ግዴታ ሆናለች። ዓመቱ በፈረንጅ ነው። ከጃፓን ለጃፓን የተሠራ አሮጌ ቪትዝ ከሆነ ግን ሶኬቷ ኖራም ርካሿን ብሉቱዝ ማንበቢያ ላታናግራት ትችላለች። ማንበቢያዋ ተበላሸች ብላችሁ አትጣሏት።

ከዚህች ሶኬት በፊት የተሠሩት፣ ቤንዚን በኢንጀክተር የሚረጩት ቶዮታዎችስ? እነሱ ማሽንም አይፈልጉ። ኮፈኑ ሥር ክዳኗ ላይ ዳያግኖሲስ የሚል የተጻፈባት ትንሽ ጥቁር ሣጥን አለች። የቆየ መካኒክ ክዳኗን ገልብጦ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በቁራጭ ሽቦ ያገናኛል። ቁልፉ ይከፈታል፣ ሞተሩ አይነሳም። ከዚያ መብራቷ ራሷ ትናገራለች። ብልጭ ብልጭ ትልና ፋታ ትወስዳለች፤ እንደገና ብልጭ ብልጭ። ሁለትና ሁለት፣ 22። የውሃ ሙቀት ሴንሰር መስመር ማለት ነው። 21 ከሆነ የኦክስጅን ሴንሰር። ፋታ ሳትወስድ እኩል ብልጭ ብልጭ ካለች የተመዘገበ ኮድ የለም። ቀዳዳ መሳሳት ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ የሚያውቅ ሰው ይሥራው። ካርቡራተር የሆነችዋን አሮጌ ዲኤክስ የያዛችሁ፣ ይህ ጨዋታ እናንተን አይመለከትም። በሰላም ንዱ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። መብራቷ ዝም ብላ ከበራች፣ ሞተሩም ደህና ከሆነ፣ ቀስ ብላችሁ እስከ ጋራዥ ትደርሳላችሁ። እየነዳችሁ ብልጭ ድርግም ካለች ግን ሌላ ነው። ሞተሩ ሚስ እያደረገ ነው፤ አንዱ ሲሊንደር በትክክል አይተኩስም። ብዙ ጊዜ ካንዴላ (እሳት የሚረጨው) ወይም ቦቢና (ለካንዴላው ኃይል የሚሰጠው) ደክሞ ቤንዚኑ ሳይቃጠል ወደ ጭስ መውጫው ይወርዳል፤ እዚያ ጭሱን የሚያጣራው ካታሊስት ውስጥ ይቃጠልና ያግለዋል። የካታሊስት ዋጋ ደግሞ ከካንዴላ ጋር አይወዳደርም፤ እጅግ ውድ ነው።

ይህ የት ይመጣል? ጭነት ባለበት ነው። ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስትወጡ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ሜዳ ላይ ደህና የነበረ ደካማ ካንዴላ እዚያ ይጋለጣል። "ደጀን ልድረስና አያታለሁ" ይላል ሰው። ተው። እግርህን ከነዳጁ ቀለል አድርግና ሰፋ ያለ ቦታ ፈልገህ ቁም። በበጋ ከሆነ ደረቅ ሣር ላይ እንዳትቆም፤ የጋለ ካታሊስት ሣር ያነዳል። ቀይ መብራት፣ የዘይቱ ወይም የሙቀቱ፣ ከበራ ግን ቼክ ኢንጅንን እርሱት። ወዲያው ቁሙ፣ ሞተር አጥፉ።

የመጨረሻው፣ መኪና ልትገዙ ነው እንበል። ቁልፉን ክፈቱና ሞተሩን ሳታስነሱ ዳሽቦርዱን ተመልከቱ። ቼክ ኢንጅኗ ልትበራ ይገባል። ካልበራች ወይ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ወይ ያወጣው ሰው አለ። ብልጦች ደግሞ ከባትሪው መብራት ጋር ያያይዟታል፤ አብራ ትበራለች፣ ሞተር ሲነሳ አብራ ትጠፋለች። ለእሱ ማንበቢያ ያስፈልጋል። ማንበቢያው ኮድ የለም ብሎ፣ ኮምፒውተሩ በራሱ የሚያደርጋቸው፣ ኮድ ሲጠረግ እንደ አዲስ የሚጀምሩት ፍተሻዎች ግን ገና አላለቁም ካለ፣ በቅርቡ ሳይጠረግ አልቀረም። ሻጩ "ትናንት ባትሪ ቀይረን ነው" ሊላችሁ ይችላል። ምናልባትም እውነቱን ነው። እሺ በሉት፣ ጥቂት ቀን ይንዳትና ተመልሳችሁ አንብቧት። ቀብድ ግን ከዚያ በፊት እንዳትሰጡ።

የናፍጣውን መኪና ነገር ብዙዎቻችሁ ጠይቃችኋል፤ ራሱን የቻለ ክፍል ይፈልጋል፣ ሳምንት እመለስበታለሁ። ቸር ሰንብቱ።