አንገቱን ሳታዩ ካሜራ አታንሱ፦ በስዊድን ደን ረግረጎች ክሬን የተባለውን ወፍ ስለማየትና ፎቶ ስለማንሳት የተዘጋጀ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የዛሬው ጉዳያችን ክሬን ነው፤ ግራጫ ላባ፣ ጥቁርና ነጭ አንገት፣ አናቱ ላይ ቀይ ቆዳ ያለው፣ ክንፉን ሲዘረጋ ከ2 ሜትር የሚያልፍ ወፍ። ብዙ ጊዜ የምትጠይቁን ስላለ ከእሱ እንጀምር፦ ጣና ዳር የሚታዩት እነዚሁ ናቸው ወይ? ዝርያው አንድ ነው፣ መንገዱ ግን ይለያያል። ስዊድን የሚፈለፈሉት በአብዛኛው በጀርመንና በፈረንሳይ አድርገው ወደ ስፔን ይወርዳሉ። ኢትዮጵያ የሚደርሱት ከፊንላንድ፣ ከኢስቶኒያና ከምዕራብ ሩሲያ የሚነሡት ናቸው። ከእነዚያ ውስጥ ብዙዎቹ እስራኤል፣ ሑላ ሸለቆ ላይ ያርፋሉ፤ እዚያው የሚከርሙም አሉ።

ክሬን በብዛት ማየት ለሚፈልግ ቦታው የታወቀ ነው፦ ስዊድን ውስጥ ያለው ሆርንቦርጋ ሐይቅ፣ በኤፕሪል የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት። በጥሩ ዓመት በአንድ ቀን ከ20,000 በላይ ይቆጠራሉ። በአካባቢው ለአልኮል መጥመቂያ ይተከል የነበረው ድንች ነው ያስለመዳቸው፤ አሁን የገበሬው ማሳ እንዳይጎዳ ገብስ ይበተንላቸዋል። እዚያ ፎቶ ማንሳት ከባድ አይደለም። ከመኪና ሳትወርዱ፣ ሞተር አጥፍታችሁ፣ ሌንሱን መስኮት ላይ ባስቀመጣችሁት የሽምብራ ከረጢት ማስደገፍ ይበቃል። ጤፍ አትሙሉበት፤ በስፌቱ ሁሉ ይፈስሳል።

ችግሩ የሚጀምረው ወፎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ወደ ጫካው ረግረግ ሲበተኑ ነው። እንደ ስቶሬ ሞሴ ብሔራዊ ፓርክ ባሉ ቦታዎች፣ በጥድ ደን መሀል፣ ውሃ በከበበው የቄጠማ ጉብታ ላይ ሁለት እንቁላል ይጥላሉ። ወንድና ሴት እየተፈራረቁ 30 ቀን ያህል ይታቀፋሉ። ያን ጊዜ ላባቸውን በረግረጉ ጭቃ እየቀቡ ቡናማ ስለሚያደርጉት ከደረቀው ቄጠማ መለየት ያስቸግራል። ሰው ሳያውቅ በጣም የሚጠጋቸውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ በባይኖኩላር አስቀድማችሁ የምታዩት አንገቱን ነው። ጎንበስ ብሎ እየለቀመ ከሆነ ሰላም ነው። መልቀሙን አቁሞ አንገቱን ቀጥ ካደረገ አይቷችኋል፤ ባላችሁበት ቁሙ። ጎኑን ሰጥቶ በዝግታ መራመድ ከጀመረ ቀርባችኋል፣ ተመለሱ። ገላጣ ቦታ ላይ በእግር ለሚመጣ ሰው 300 ሜትር ላይ ሆኖም ቀና ሊል ይችላል። የታቀፈው ደግሞ አንገቱን ቄጠማው ላይ ዘርግቶ ይተኛል። ይህን «ለመደን» ብሎ የሚያነብ አለ፤ ነገሩ ተቃራኒው ነው። ቀጥሎ እየተሽሎከሎከ ይወጣል፣ እንቁላሉ ይበርዳል፣ ቁራም ከላይ ያያል። በእኛ አቋም ጎጆ ላይ ያለ ክሬን ጨርሶ ፎቶ አይነሳም። ሕጉም ጎጆ ማወክን ይከለክላል፤ ማንም ሰው በተፈጥሮ ቦታ እንዲዘዋወር የሚፈቅደው የስዊድን የመዘዋወር መብት ለወፍ ጥበቃ በታጠሩ ቦታዎች አይሠራም፣ ምልክቱ ላይ የተጻፉትን ቀኖች አንብቡ። ውሻም ከማርች 1 እስከ ኦገስት 20 ልቅ አይሄድም።

ፎቶ የሚነሳው ጥንዱ የሚመገብበትና የሚጨፍርበት ቦታ ነው። ለዚህ ደግሞ ከመመልከቻ ማማ ወይም ከመደበቂያ ድንኳን የተሻለ የለም። ድንኳኑ ውስጥ የሚገባው ፀሐይ ከመውጣቷ ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት፣ በጨለማ ነው፤ የሚወጣውም ወፎቹ በራሳቸው ጊዜ ከሄዱ በኋላ። በመሀል የወጣ ሰው የዚያን ቀን ብቻ ሳይሆን የድንኳኑን ቦታ ነው የሚያበላሸው።

ብዙ ሰው ያልጠረጠረው ጥፋት እዚህ አለ። ብርዱ ሲጠና የጋዝ ማሞቂያ ይለኮሳል፤ የሞቀው አየር በሌንሱ መስኮት በኩል ወደ ውጭ ይወጣል፣ ምስሉም ይደበዝዛል። ሰውየው ሌንሱን ይጠረጥራል፣ ለጥገና ይልካል፣ ሌንሱ ግን ደህና ነው። የጋዝ ጭስ በተዘጋ ድንኳን ውስጥ ለሕይወት ማስጋቱ ደግሞ ሌላ ነው። ከማሞቂያ ይልቅ የሱፍ ልብስ ደራርቡ፤ ሲንኮሻኮሽ የሚሰማ ጃኬት ግን አይሆንም። ሌንሱን ከሞቀ መኪና አውጥታችሁ ግማሽ ሰዓት ውጭ አቆዩት፣ ትርፍ ባትሪ የውስጥ ኪስ ውስጥ ያዙ። ስትመለሱም ካሜራውን ቤት ከመግባታችሁ በፊት ቦርሳው ውስጥ ዝጉት፤ አለበለዚያ ጤዛ ይይዘዋል። ጠዋት ፀሐይዋ ረግረጉን ማሞቅ ከጀመረች በኋላ ከሩቅ የሚነሳው ፎቶ ሁሉ ይርገበገባል፤ የትኛውም ውድ ሌንስ አያድነውም።

ስለ ሌንስ አንድ ስሌት ልስጣችሁ። በፉል ፍሬም ካሜራ (የምስል መቀበያው 36 ሚሊሜትር ስፋት ባለው) 600 ሚሊሜትር ሌንስ 60 ሜትር ላይ የሚያሳየው 3.6 ሜትር ስፋት ነው። ለአንድ የቆመ ወፍ ይህ ግሩም ነው። ጥንዱ ክንፍ ዘርግቶ ሲዘል ግን ክንፍ ይቆረጣል። በ400 ሚሊሜትር 5.4 ሜትር ታገኛላችሁ፤ ለጭፈራ እሱን እንመርጣለን። ሻተሩ፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ፣ ለዝላይ 1/2000 ሰከንድ፣ በንጋት ጭላንጭል ለቆመ ወፍ በትራይፖድ 1/250 ይሁን፤ አይ ኤስ ኦ፣ ማለትም የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፣ 6400 ቢደርስ አትፍሩ፣ ከተንቀሳቀሰ ምስል የተዥጎረጎረ ይሻላል። ጭጋግና በረዶ ካሜራውን ስለሚያታልሉት ብርሃኑን አንድ ስቶፕ (እጥፍ) ጨምሩ፤ ከኋላው ጥቁር ደን ካለ ደግሞ ትንሽ ቀንሱ፣ ያለዚያ የጉንጩ ነጭ መስመር በብርሃን ብዛት ይጠፋል። የወፉን ዓይን ራሱ የሚፈልገው የካሜራው ፎከስ ከፊት ያለውን ቄጠማ ሲይዝባችሁ ወደ አንዲት ትንሽ ነጥብ ቀይሩት።

እግራችሁን በተመለከተ፦ በእንጨት መተላለፊያው ላይ ሂዱ። ረግረጉ እንደ ምንጣፍ የተዘረጋ ይመስላል፣ ሥሩ ግን ውሃ ነው።

ምስሉን ከማጋራታችሁ በፊት የቦታውን መረጃ ከፋይሉ ላይ አጥፉ፤ የረግረጉንም ስም አትጻፉ፣ የክልሉ ስም ይበቃል።

ሁለቱ ሌንሶችና ድንኳኑ በስተኋላ ጠረጴዛው አጠገብ አሉ፤ እየነካችሁ እዩ፣ ጥያቄም እዚያው እንቀበላለን። አመሰግናለሁ።